የጉረኖው ቀዳዳ

ከዚህ ቀደም በዚህ ገጽ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ስለ ቢቱአሕ ሌኡሚ፣ ስለ ቤት ኪራይ ውል ጽፌላችኋለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ ቀበሮ ነው። «ኦቬዴት ሶሲያሊት ከቀበሮ ጋር ምን አገናኛት?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ በኮሌጅ ስማርም ስለ ቀበሮ አንድ ቃል የነገረኝ መምህር የለም። ነገር ግን ከመካከላችሁ የመጀመሪያ ሥራቸውን በሞሻቭና በኪቡጽ፣ በዶሮ ቤት፣ በላም ቤት፣ በፍየል ጉረኖ የሚጀምሩ አባቶችና ወጣቶች አሉ። ሌሊት ከአውሬ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኙትም እነሱ ናቸውና ያየሁትን ላጫውታችሁ።

እኔ የተወለድኩት ቋራ ነው። ወደ እስራኤል የመጣሁት በ1999 የቋራ ቤተሰቦች ሲመጡ፣ በዘጠኝ ዓመቴ ነው። አባቴ ፍየሎች ነበሩት። የእኔ ሥራ ማታ ማታ ፍየሎቹ ከገቡ በኋላ የጉረኖውን በር በእሾህ መዝጋት ነበር። አንድ ቀን ጨዋታ ይዞኝ እሾሁን ሳልመልሰው ቀረሁ፤ ሌሊት ጅብ ገብቶ አንዲት እርጉዝ ፍየል ወሰደ። አባቴ አልመታኝም። በማለዳ እጄን ይዞ ወሰደኝና «ተንበርከኪ» አለኝ። ተንበረከክሁ። «አሁን እንደ ጅቡ ሆነሽ እይው» አለኝ። ቆሜ ሳየው ሙሉ አጥር የነበረው፣ ተንበርክኬ ሳየው በሦስት ቦታ ብርሃን ያሳልፋል። ይህን ነገር ለብዙ ዓመታት ረስቼው ነበር። ያስታወሱኝ አሁን የምነግራችሁ አባት ናቸው።

ስማቸውን አልጠቅስም። እንድጽፈው ስጠይቃቸው «ስሜን ተይው፣ ቀዳዳውን ግን ጻፊው» ብለውኛል።

ጊዜው ጥር 2018 ነው። በዚያን ጊዜ በሰሜን አገር በአንድ መርካዝ ክሊታ እሠራ ነበር። እኒህ አባት ከጎንደር አካባቢ ከቤተሰባቸው ጋር ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ዕብራይስጡ አልገባ ብሏቸው ነበር፤ ሥራ ግን ከብዙ ወጣት ቀድመው አገኙ። በአቅራቢያው ባለ ሞሻቭ ፍየል የሚያረባና አይብ የሚሸጥ አንድ ሰው ፍየል የሚያውቅ ረዳት ይፈልግ ነበር። እሳቸው ደግሞ ከፍየል በቀር ምን ያውቃሉ! በመጀመሪያው ቀን አንዲት የታመመች ፍየል በዓይን ብቻ ለይተው ስላወጡ፣ ሰውየው እጃቸውን ጨብጦ ቁልፍ ሰጣቸው። ይህን ባለቤታቸው ደጋግመው ይነግሩኝ ነበር። ቁልፉም በአንገታቸው ነበር የሚንጠለጠለው።

አንድ እሑድ ስለ ትንሿ ልጃቸው ትምህርት ልነጋገር ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው ቡና አፈሉ። እሳቸው አዲስ ወፍራም ካፖርት ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ቀኝ እጃቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል። ስኒውን በግራ እጃቸው ሲያነሱ አየሁና «አባባ፣ እጅዎን ምን ሆኑ?» አልኳቸው።

«እሾህ ነው ልጄ።»

ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር። የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ከእኔም በኋላ ሁለት ቤት ይጠብቀኛል። ግን የእሾህ ቁስል አውቃለሁ። እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ጨርቁ ሲፈታ ከእጃቸው ጀርባ ሁለት ቀዳዳ፣ ከመዳፋቸው በኩል አንድ ቀዳዳ አለ፤ ዙሪያው አብጧል፣ ቁስሉም ላይ የተደቆሰ ቡና ተነስንሷል። እሾህ ከላይና ከታች አይነክስም።

ቀስ በቀስ ነገሩን አወጡት። ፍየሎቹ የሚወልዱበት ወቅት ስለነበር ሐሙስ ማታ እዚያው አድረዋል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ሁለት ሰዓት፣ ፍየሎቹ ሲንጫጩ ባትሪ ይዘው ገቡ። አንድ ቀበሮ በቆርቆሮው ግድግዳ ሥር ሾልኮ ገብቶ የተወለደች ግልገል ይዟል። «ባትሪውን አበራሁበት፤ አልሸሸም። ዞሮ አየኝ። የእኛ አገር ቀበሮ ሰው ሲያይ ይሮጣል» አሉኝ። ግልገሏን በኋላ እግሯ ይዘው ሲጎትቱ እጃቸውን ነከሳቸው። በዱላ ሲመቱት በገባበት ወጣ። ግልገሏ ሞተች። በቧንቧ ውኃ እጃቸውን አጠብ አጠብ አደረጉና ቡና ነስንሰው ታቅፈውት ቆዩ። ግልገሏ ሞታ እንደተወለደች ለአሠሪያቸው በምልክት ነገሩት።

«ለምን አልተናገሩም?» አልኳቸው።

«ፍየል ታውቃለህ ተብዬ ተቀጥሬ፣ ግልገል አስበላሁ ብዬ ልናገር?» አሉኝ። ትንሽ ቆይተውም «ደግሞ ሥራውን ቢወስዱብኝስ?» አሉ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከ2017 መጸው ጀምሮ በይዝርኤል ሸለቆ፣ በቤት ሸአን ሸለቆና በጊልቦዓ አካባቢ ብዙ ቀበሮዎች የእብድ ውሻ በሽታ ይዟቸው ተገኝተው ነበር። በሽታው በዕብራይስጥ ካሌቬት ይባላል። በሬዲዮ ይነገራል፣ በቴሌቪዥን ይታያል። በእኛም መርካዝ ክሊታ መግቢያ ላይ ማስታወቂያው ተለጥፎ ነበር፤ በዕብራይስጥ ብቻ። እኔ በየቀኑ በአጠገቡ አልፋለሁ። አንድም ቀን «ይህን እኒህ ሰዎች ማንበብ አይችሉም» ብዬ አልቆምኩም። ዕብራይስጥ ከለመዱ በኋላ ያልለመደ ሰው እንዳለ መርሳት እንዴት ቀላል ነው!

የእብድ ውሻ በሽታን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በየመንደራችን በእሱ የሞተ ሰው አለ። በሽታው በእንስሳው ምራቅ ውስጥ ሆኖ በንክሻ ይገባል፣ ምራቁ ቁስልን ወይም ዓይንን ከነካም ይገባል። ሳምንታትና ወራት ተደብቆ ይቆያል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን ሐኪም አያድነውም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ክትባት የጀመረ ሰው ደግሞ ይድናል። ስለዚህ ሦስት ቀን ማለፉ ቢያስፈራኝም «አሁን እንሂድ» አልኳቸው። ባለቤታቸው የቡናውን ረከቦት ገፋ አድርገው ተነሡና ነጠላቸውን አነሱ። ሁለተኛው ቡና ሳይጠጣ ቀረ።

እጃቸውን እንደገና፣ አሁን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ፣ ሩብ ሰዓት ያህል አጠብን። ይህን ልብ በሉ፦ እንስሳ ነክሶ ወይም ቧጥሮ ከሆነ የመጀመሪያው መድኃኒት ይኸው ነው፤ 15 ደቂቃ በሰዓት ተቆጥሮ። ቡና፣ አመድ፣ ቅጠል አይደረግበትም። ከዚያ ወደ ጤና ቢሮ፣ ማለትም ወደ ሊሽካት ሃብሪኡት ሄድን። ቢሮው ዝግ ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ ወደ ሚዩን ይኬዳል። ሰንበትም ቢሆን ይኬዳል፤ ነፍስ ማዳን፣ ፒኩዋሕ ኔፌሽ፣ ሰንበትን ይቀድማል።

ነርሷ «ምን እንስሳ ነው?» ስትል እኔ በችኮላ «ሹዓል» አልኳት። አባት ቃሉን ሰምተው ነበርና «ሹዓል የቱ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ግድግዳው ላይ የእንስሳት ሥዕል ነበር። ጭራው ረዥምና ለስላሳ የሆነውን ትንሹን አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከአጠገቡ ያለውን፣ ከፍ ያለውንና ሌሊት በኅብረት የሚያላዝነውን አመለከቱ። እሱ ታን ይባላል። በአማርኛ ሁለቱንም ቀበሮ እንላቸዋለን፤ በዕብራይስጥ ሁለት ናቸው። ነርሷ ወረቀቱን አረመች።

ከዚያ «ተዘጋጅ» አለቻቸው። እሳቸውም ሸሚዛቸውን ከቀበቶው አውጥተው እስከ ደረታቸው ሰበሰቡና ሆዳቸውን ገልጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተንጋለሉ። ነርሷ ግራ ገብቷት አየችኝ። በኢትዮጵያ ይሰጥ የነበረው የድሮው ክትባት ሆድ ላይ፣ በየቀኑ፣ ለብዙ ቀናት እንደሚወጋ አስረዳኋት። ሦስት ቀን ዝም ያሉት ለካ በዚህም ጭምር ነው! ዛሬ ክንድ ላይ ነው የሚወጋው፣ በተወሰኑ ቀናት ብቻ። በመጀመሪያው ቀን ደግሞ በቁስሉ ዙሪያ ሌላ መድኃኒት ይጨመራል። አባት ክንዳቸውን ሲወጉ «አለቀ?» አሉ። ሸሚዛቸውን እየከተቱ «እንዲህ ከሆነማ ሐሙስ ዕለት እመጣ ነበር» አሉኝ። ልስቅም ላለቅስም ዳድቶኝ ነበር።

በማግሥቱ ወደ አሠሪያቸው አብረን ሄድን። በሥራ ላይ የደረሰ ንክሻ የሥራ አደጋ ነው፤ አሠሪው ቤት ላሜድ 250 የሚባለውን የቢቱአሕ ሌኡሚ ቅጽ ሞልቶ መስጠት አለበት። ሰውየው ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ነጣ። «ለምን አልነገረኝም?» አለ። ተረጎምኩላቸው።

አባት «ነግሬዋለሁ እኮ» አሉ። «ከሦስት ሳምንት በፊት፣ መኪናው ላይ ሲወጣ ቀዳዳ አለ ብዬ በዕብራይስጥ ነግሬዋለሁ። ልጄ ናት ቃሉን ያስተማረችኝ። እሱ ግን ይህን ካፖርት አመጣልኝ።»

ለካስ ነገሩ እንዲህ ነው። ቀዳዳ በዕብራይስጥ ሖር ይባላል፤ ብርድ ደግሞ ኮር። የእሳቸው ምላስ ሖር ማለት ስላቃተው ኮር አሉት። ሰውየውም ደግ ሰው ነውና «ሽማግሌው በርዶታል» ብሎ በማግሥቱ ገበያ ሄዶ ወፍራም ካፖርት ገዛላቸው። እሳቸው ደግሞ «ቀዳዳውን ባይደፍንም ካፖርት ሰጠኝ፤ ለምን እጨቀጭቀዋለሁ» ብለው ተቀበሉ። በዚህች አንዲት ፊደል ግልገል ተበላች፤ ሰውም ሊሞት ነበር። ሰውየው ይህን ሲሰማ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ከዚያ «ና፣ አሳየኝ» አላቸው። እኔም ትርጉም ልሠራ ተከተልኩ። አባት በጉረኖው ዙሪያ ትንሽ ሄዱና ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው ተንበረከኩ። የአባቴ ድምፅ በጆሮዬ መጣ። እኔም ተንበረከክሁ። ሰውየው መጀመሪያ አመነታ፤ በኋላ እሱም ተንበረከከ። ሦስታችንም ጭቃ ላይ!

ከታች ሲያዩት ሌላ ቤት ነው። የቆርቆሮው ጠርዝ አንድ ቦታ ላይ ተቆልምሟል፤ ጠርዙ ላይ ቡናማ ጠጉር ተይዟል፤ ሥሩ ያለው አፈር በመመላለስ ለስልሷል። አባት ጡጫቸውን አስገብተው አሳዩ፦ የአውሬው ራስ ካለፈ ሌላው አካሉ ይከተላል። የበሩ ሥር ክፍት ነው። ከኋላ ያለው የመስኮት ሽቦ ቀጭን የዶሮ ሽቦ ነው። ይህ ሽቦ ዶሮ እንዳትወጣ ያግዳል እንጂ ቀበሮ እንዳይገባ አያግድም፤ በጥርሱ ይበጥሰዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ከጉረኖው ጀርባ የተቀመጠው ክፍት በርሜል ነበር። ፍየሎቹ ሲወልዱ የሚወጣው እንግዴ ልጅና የሞተ ግልገል እዚያ ይጣላል፤ የሚወስደው መኪና እስኪመጣ ቀናት ይቆያል። አባት አፍንጫቸውን ያዙና «ንገሪው» አሉኝ፤ «ቀበሮውን የጠራው እሱ ራሱ ነው። ሰርግ ደግሶ በር ላይ ዘበኛ ማቆም ነው።» ይህን በዕብራይስጥ እንዴት እንደምለው ቸግሮኝ ነበር፤ እንደምንም አልኩት። ሰውየው አልተቆጣም።

ሥራው አንድ ሳምንት ወሰደ። እኔ በመካከሉ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት፤ ቢሆንም ለምትሠሩ ይጠቅማልና ልንገራችሁ። የሚቆፍር አውሬ የሚቆፍረው ልክ ከግድግዳው ሥር ነው። ስለዚህ በብየዳ የተሠራ ጠንካራ ሽቦ መረብ ከግድግዳው ጋር አያይዘው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ቀበሩት፤ ከዚያ ጫፉን ወደ ውጭ አጥፈው ግማሽ ሜትር ያህል እንደ ምንጣፍ ዘረጉትና አፈርና ድንጋይ አለበሱት። ቀበሮው ግድግዳው ሥር ሲቆፍር ጥፍሩ ሽቦ ይነካል፤ ራቅ ብሎ መቆፈር እንዳለበት ግን አያስብም። አባት ይህን ሲያዩ በጣም ወደዱት፤ እሳቸው በአገራቸው በድንጋይ ነበር የሚሠሩት። የበሩ ደፍ በሲሚንቶ ከፍ ተደረገ፣ የበሩም ግርጌ በብረት ተለበጠ። በርሜሉ ክዳንና መቆለፊያ ተደረገለት። በዙሪያው ያለው ረዥም ሣር ታጨደ፤ ቀበሮ ገላጣ ቦታ አይወድም። የሚወልዱት ፍየሎች ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ። ውሻም አለ፤ ውሻው ግን በየዓመቱ የካሌቬት ክትባት መውሰድ አለበት፤ ይህ በሕግ ግዴታ ነው። መብራትም አንዳንዱ ይመክራል፤ እኔ የሰማሁት ግን አውሬው ጥቂት ቀን ፈርቶ በኋላ ይለምደዋል።

በአንድ ነገር ግን አልተስማሙም። አባት «ሥጋ ውስጥ መርዝ አድርጎ ማስቀመጥ ነው፤ አንድ ሌሊት ይበቃል» አሉ። በአገራችን ከተሞች ውሻ በመርዝ ሲገደል ሁላችንም አይተናል። ሰውየው ሁለት እጁን አነሳ። በዚህ አገር ከ1955 ጀምሮ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ አለ፤ ያለ ፈቃድ መግደልም፣ ማጥመድም፣ መመረዝም ወንጀል ነው። አባት በጣም ተገረሙ፦ «ቀበሮውም ቴኡዳት ዜሁት አለው እንዴ?»

እኔ አባትን እረዳቸዋለሁ። ከብቱን ያጣ ሰው ያዝናል፣ ይናደዳልም። ነገር ግን በዚህ ነገር ከሕጉ ጋር ነኝ። መርዝ ማን እንደሚበላው አይመርጥም። ከዚያ በኋላ፣ በግንቦት 2019፣ በጎላን 8 ጥንብ አንሳዎች በአንድ ጊዜ ተመርዘው ሞተዋል፤ በዚያን ጊዜ በጎላን የቀሩት ጥንብ አንሳዎች ጥቂት ነበሩ። የእኛ ልጆችም በሜዳው ይጫወታሉ። አውሬ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ የተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣን ስልክ ኮከብ 3639 ነው፤ አማርኛ የሚናገር ባታገኙ ልጃችሁን አስደውሉ። በሜዳም የዓሣ ሽታ ያለው ትንሽ ቡናማ ጡብ የመሰለ ነገር ብታዩ አትንኩ፣ ልጆችም እንዳይነኩ። እሱ ከአውሮፕላን የሚጣል የቀበሮ ክትባት ነው፤ ቀበሮው ሲበላው ይከተባል። ይህ ሥራ የተጀመረው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው።

ሌላው ክርክር ስለ ጉጉት ነበር። ከጉረኖው ጣራ ሥር ነጭ ፊት ያላት ጉጉት ታድራለች፤ ቲንሼሜት ትባላለች። አባት ቀዳዳ ሲደፍኑ የእሷንም መግቢያ ሊደፍኑ መሰላል አቁመው ነበር። ጉጉት በቤት ላይ ስትጮህ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፤ እኔም ብሆን ሌሊት ስሰማት ደስ አይለኝም። ሰውየው ግን መሰላሉን ያዘ። በዚህ አገር ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ፣ መጀመሪያ በቤት ሸአን ሸለቆ በስዴ ኤሊያሁ ኪቡጽ፣ ገበሬዎች ለጉጉት የእንጨት ሳጥን ይሰቅላሉ፤ ምክንያቱም አንድ ጥንድ ጉጉት ከነልጆቿ በዓመት ከሺህ በላይ አይጥ ትበላለች። በኋላ በዮርዳኖስ ያሉ ገበሬዎችም በዚሁ ሥራ ገቡ፤ እነሱም እንደ እኛ ጉጉትን በመጥፎ ምልክትነት ይፈሩ ነበር። አባት ይህን ሁሉ ሰምተው ከመሰላሉ ወረዱ። «እሺ፣ ትቀመጥ። ግን እኔ በሌለሁበት ትጩህ» አሉ። የአይጡን ቀዳዳ ግን ሁለቱም ተስማምተው ደፈኑት፤ እርሳስ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ለአይጥ በቂ ነውና የብረት ሱፍ ጠቅጥቀው በሲሚንቶ መረጉት። መኖውም ክዳን ባለው የብረት በርሜል ገባ።

እኔም ወደ ቢሮ ተመልሼ ያንን ማስታወቂያ በአማርኛ በእጄ ጻፍኩትና ከዕብራይስጡ አጠገብ ለጠፍኩት። በዚያው ሳምንት ሁለት እናቶች መጡ፤ አንደኛዋ ልጇን ድመት ቧጥራው ነበር፣ ከአሥር ቀን በፊት። የመንደሩ ድመት ስለሆነች ተገኝታ ለክትትል ተያዘች፤ ጤነኛ ነበረች። እናትየዋ ግን እነዚያን አሥር ቀናት ለማን እንደምትነግር ሳታውቅ ብቻዋን ስትፈራ ነበር የከረመችው።

ለመጀመሪያዎቹ ክትባቶች አባትን በመኪናዬ ወሰድኳቸው። ለመጨረሻው ቀን ስደውልላቸው ስልኩን ልጃቸው አነሳችና «አባባ በአውቶቡስ ሄዷል» አለችኝ። ቀኖቹን በማቀዝቀዣው በር ላይ በከሰል ጭረት አድርገው፣ እያንዳንዱን ሲጨርሱ ይሰርዙት ነበር አሉ።

አንድ ነገር ቀረ። ጉረኖው በተጠናቀቀ ዕለት አባት ካፖርቱን አጣጥፈው፣ በላስቲክ አድርገው፣ ለአሠሪያቸው ሊመልሱ ይዘው መጡ። እንድተረጉምላቸውም ጠሩኝ። «በይው፣ እኔ የጠየቅሁት ቀዳዳው እንዲደፈን ነበር፤ እሱ ተደፍኗል። ይህን አልጠየቅሁም» አሉ። ሰውየው ከላስቲኩ አውጥቶ መልሶ ትከሻቸው ላይ ጣለላቸውና፣ ቃሉን ለብቻው ሲለማመድ የሰነበተ ይመስላል፣ በአማርኛ «ብርድ አለ» አላቸው።